የግራው ገጽ

ቡራዩ፣ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአዶናይ፣
ባለህበት በሆላንድ አገር፤

የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልህ። እኔም ባለቤቴም ልጆቼም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ብሎክ ስላደረግኸኝ ነው። በቴሌግራም ብሎክ፣ በዋትሳፕ ብሎክ፣ በዩቲዩብ ብሎክ። አርባ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው፣ አንተንም ኤ ቢ ሲ ያስቆጠረ ሰው፣ በአንድ ጣት ተዘጋ። ወረቀት ግን አይዘጋም። አብሮህ አበባ የሚያሽገው የሆለታው አብዶ እረፍቱን ጨርሶ ሐሙስ ስለሚመለስ በእጁ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፌ ማተሚያ ቤት መግባቱን ታውቃለህ። «አማርኛ ውስጥ የሚኖሩ የእንግሊዝኛ ቃላት» የሃያ ዓመት ልፋቴ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለማየት ሄድኩ። ምዕራፉ «ብሎክ» ይላል። ጽሑፉን የምትተይበው ሐኒ የምትባል ልጅ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄን እኮ ዩቲዩብ ላይ ሰምቼዋለሁ። የአዶናይ ነው።»

«የምን አዶናይ?»

«ያ ሆላንድ ያለው! ‹አንድ ቃል ከአዶናይ ጋር› የሚለው!»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አየሁህ። ከኋላህ አበባ ተደርድሮ፣ አንገትህ ላይ ሻርፕ ጠምጥመህ፣ የእኔን ብሎክ ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ታብራራለህ። ስለ ቃሉ አመጣጥ የለፋሁትን አልፈህ፣ የእኔ የሆኑትን ሦስት አባባሎች ቃል በቃል አነበብክ። የኮንዶሚኒየም ብሎክ «ስም የሌለው ሰፈር፤ እገሌ የት ይኖራል ሲባል ቁጥር የሚነገርበት» አልክ። በስልክ ብሎክ ማድረግ «አፍ ሳይከፍቱ መጣላት» አልክ። ብሎኬት «ሲሠራ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሳይደርቅ የሸጠው ሌባ» አልክ። ሐኒ ሳቀች። እኔ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቃሉን ለማጥናት ምን እንደከፈልኩ ታውቃለህ? ብሎክ ለእንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጥንት የግንድ ጉማጅ ማለት ነበር። ሥጋ የሚከተፍበት ግንድ ብሎክ ነው። ሞት የተፈረደበት አንገቱን የሚያስቀምጥበት ግንድ ብሎክ ነው። ባሪያ ለሽያጭ ወጥቶ የሚቆምበት መደብ ብሎክ ነው። ከዚያ የቤቶች ስብስብ ሆነ፣ የመኪና ሞተር አካል ሆነ፣ መንገድ መዝጋት ሆነ፣ በመረብ ኳስ የተመታ ኳስ መመለስ ሆነ። የእኛ ብሎኬት ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ትንሽ ብሎክ ማለት ሲሆን ጣሊያኖች በዚያው ቃል የማስታወሻ ደብተርንም ይጠሩበታል። ይህን ሁሉ በየቤተ መጻሕፍቱ ቆሜ የለቀምኩት እኔ ነኝ። አንተ የዛሬ ሦስት ዓመት ልትሄድ ስትል ደብተሬን በስልክህ ፎቶ አነሳህ።

ማተሚያ ቤቱ ሥራው የማን እንደሆነ እስኪረጋገጥ አናትምም ብሎኛል። እስከ ገና ካሜራ ፊት ቆመህ «ይህ ሁሉ የአጎቴ የመምህር ስምዖን ላምቤቦ ነው» እንድትል አዝዝሃለሁ። አልለምንህም።

አጎትህ
ስምዖን ላምቤቦ


ሆላንድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ስምዖን፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እትዬና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።

ብሎክ ያደረግኩዎት ንቄዎት አይደለም። በአንድ ቀን አሥራ አራት ኮሜንት ጻፉ። አንደኛው «ይህ ልጅ ሌባ ነው፣ አጎቱ ነኝ፣ አሳድጌዋለሁ» ይላል። ከሥሩ የማላውቀው ሰው ሁሉ ይሳለቅ ጀመር። እርስዎ ላይ ነበር የሚሳለቁት፣ እኔ ላይ አይደለም። ያንን ለማስቆም ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ስልኩን የዘጋሁት ግን በንዴት ነው። እሱን አልክድም።

አሳድጌዋለሁ ላሉት እናቴ ትመልስልዎት። ኤ ቢ ሲ ያስቆጠሩኝ እውነት ነው። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ እናቴ ደብተሩን በፌስታል ይዛ ቡራዩ ስትመጣ አብሬ እመጣ ነበር፣ ምሳ እስኪደርስ ያስቆጥሩኝ ነበር። በአርጩሜ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ። በደብተሩ ላይ የእርስዎ ገጽ የቀኙ ነው። በጥቁር ቀለም፣ ተሰምሮ፣ በቁጥር ተከፋፍሎ የተጻፈው። ቪዲዮውን እባክዎ እንደገና ይዩትና ከቀኝ ገጽ የወሰድኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳዩኝ። አንድ ካገኙ ካሜራ ፊት ቆሜ የፈለጉትን እላለሁ። የለም። የግንዱንም፣ የባሪያውንም፣ የጣሊያኑንም አልነካሁም። የእርስዎ ስለሆነ ነው ያልነካሁት።

ስለ ግንዱ ካነሱ አይቀር፣ የቀኙ ገጽ ይታረማል። ቃሉን ፈረንሳይ ላይ አቁመውታል። ፈረንሳዮች ራሳቸው ያገኙት ከዚህ አገር ነው። እዚህ ግንዱም ብሎክ ነው፣ ልጆች የሚጫወቱበት እንጨትም ብሎክ ነው፣ አይብ ሲቆረጥ ቁራጩም ያው ነው። የመጋዘኑ አለቃችን የበሩን መደገፊያ እንጨት አምጣ ሲለኝ በዚህ ስም ሲጠራው ሰምቼ ነው የገባኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ምን አለችኝ መሰልዎት? «ታዲያ ወንድም ጋሼ ለምን ፈረንሳይ ላይ ወረደ? ትንሽ ቢቀጥል ይደርስ ነበር።»

ጋሼ፣ የግራው ገጽ የማን እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን። እኔ አልጽፈውም። እርስዎ እንዲጽፉት እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
አዶናይ


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዶናይ፤

እግዚአብሔር ለወላጅ መታዘዝን ያስተምርህ።

ያልገባህን ላስረዳህ። ተማሪ ሁሉ ደብተሩን ሲጠቀም በቀኝ ገጽ የተጣራውን ይጽፋል፣ በግራ ገጽ ራፍ ይሠራል። የግራው ገጽ ራፍ ነው። ራፉም የባለደብተሩ ነው። ደብተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ልባድ ያለው፣ ሁለት መቶ ቅጠል፣ ከመርካቶ። በውስጡ ያለ ሁሉ የእኔ ነው።

የእናትህ የእጅ ጽሑፍ ነው ልትለኝ እንደሆነ ገብቶኛል። አዎ፣ የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው። እኔ እየነገርኳት ነው የጻፈችው። አስተማሪ ሲናገር ጸሐፊ ይጽፋል። ጸሐፊ ደራሲ ከሆነ ሐኒም የመጽሐፌ ደራሲ ልትሆን ነው!

እናትህ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ከሆሳዕና ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሰበታ ተመድቤ ስሠራ ቤቴን ስትይዝልኝ፣ ትምህርት ሳዘጋጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትሰማ ኖረች። እንግሊዝኛዋም አማርኛዋም የእኔ ነው። ከዚያ አባትህ ጥሏት ሲሄድ ኦቦ ቀጄላ ብሎኬት ማምረቻ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አሁን አንተ ሻርፕ ስላሠርህ ታሪክ ልትገለብጥ ነው? ይህን ነገር ለእሷ እንዳታነሳባት። ልቧ አይችልም። አስጠንቅቄሃለሁ።

ስለ ሆላንዱ ብሎክ ያልከውን አይቻለሁ። አረጋግጬ እጨምረዋለሁ። ምንጩን ግን አልጠቅስም።

ካሜራው ቀርቷል። ገናም እየደረሰ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። ሁለት መስመር ብቻ ጻፍልኝ፤ «ለቪዲዮው የተጠቀምኩት ከአጎቴ ደብተር ነው» በል፣ ፈርምበት፣ ላክልኝ። ሁለት መስመር። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስሜ ያለበት መጽሐፍ ሳልይዝ ልሞት ነው? ልጆቼ ምን አገኙ? ጡረታ እንጂ ምን አለኝ?

ስምዖን


ሆላንድ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ስምዖን፤

ጌታ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ተናድጄ የጻፍኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ቀድጃለሁ። ይሄኛውንም ተናድጄ ነው የጻፍኩት፤ መቅደድ ስለሰለቸኝ ብቻ ልኬዋለሁ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ አለ። አሳጥቤው ነው፣ በደንብ እንዲታይ። የብሎክ የግራ ገጽ ነው። የእናቴን ሰማያዊ ጽሑፍ ያዩታል፤ «ስም የሌለው ሰፈር» እዚያ አለ፣ «አፍ ሳይከፍቱ መጣላት» እዚያ አለ፣ «ሳይደርቅ የሸጠው ሌባ» እዚያ አለ። አሁን በሦስቱም ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ይዩት። የእርስዎ ነው። ሦስቱንም በኤክስ ሰርዘዋቸዋል። ከታች «0/5» ብለው ሰጥተዋታል። ከጎኑ በራስዎ እጅ «መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም! የሥራ ቦታ ወሬ እዚህ አታምጪ!» ብለዋል።

እርስዎ እየነገሯት የጻፈችው ከሆነ፣ ዜሮ የሰጡት ለራስዎ ነው?

ገጹ አንድ ብቻ አይደለም። ሁሉንም አይቻለሁ። እርስዎ በቀኝ የጻፉትን ቃል ቤቷ ወስዳ በግራው ገጽ በራሷ አባባል ፈትታ በየወሩ ስትመጣ፣ ምሳ ሳይቀርብ ደብተሩን ተቀብለው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ልክ እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያርሟት ነበር። እሷ ጓዳ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እኔ ልጅ ብሆንም አያት ነበር። በመልስ ታክሲ ላይ ደብተሩን ገልጣ ውጤቷን ታያለች። አንዴ 2/5 ስላገኘች ዓለም ገና ድረስ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ሁለት ከአምስት! ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነበር ያኔ!

ያስነበብኩት እርስዎ የሰረዙትን ብቻ ነው። ሰው የወደደውም እሱን ነው። ሐኒ የሳቀችው እርስዎ ዜሮ በሰጡት ላይ ነው። አሁን ሰው ሲወደው የእርስዎ ሆነ?

ከዚያም አልፎ መጽሐፉ ውስጥ አስገብተውታል። ሐኒ ምዕራፉን የእኔ መስሏት ልካልኝ አየሁት። የተሰረዘውን ሁሉ አጽድተው፣ ኤክሱን አንስተው፣ ቀኝ ገጽ ላይ አሥፍረውታል። የእናቴ ስም መግቢያው ላይ እንኳን የለም። «ላበረታቱኝ ቤተሰቦቼ» ይላል።

ሁለት መስመር አልጽፍም። ሽፋኑ ላይ የእናቴ የተረፈች ላምቤቦ ስም ከእርስዎ ስም ቀድሞ ከወጣ ብቻ እጽፋለሁ። ካልሆነ ይህን ፎቶ ለማተሚያ ቤቱ እልካለሁ።

አዶናይ


ቡራዩ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዶናይ፤

ፎቶውን አይቻለሁ። እርማት ነው። አስተማሪ ያርማል፤ ማረም ሥራዬ ነው።

አታስፈራራኝ። እሑድ ሰበታ ሄጄ እናትህን አስፈርማለሁ። እኔ እየነገርኳት እንደጻፈች በራሷ እጅ ስትፈርም፣ አንተ ከሆላንድ ሆነህ የምትሟገትላት ሰው እንደሌለች ታየዋለህ። ወረቀቱን አስተይቤ ጨርሻለሁ።

ሰላምታ አልጽፍም።

ስምዖን


ቡራዩ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአዶናይ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን አይደለሁም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰበታ ሄድኩ። ወረቀቱን በኪሴ፣ ደብተሩን በፌስታል ይዣለሁ። «እኔ ተረፈች ላምቤቦ በግራ ገጽ ላይ ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ወንድሜ መምህር ስምዖን እየነገረኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። እንደምትፈርም ለአንድ ደቂቃ አልተጠራጠርኩም። እናትህ በዕድሜዋ እምቢ ያለችኝ ነገር ካለ ብዬ መንገድ ላይ ሳስብ አንድም አላገኘሁም ነበር።

ኦቦ ቀጄላን ማምረቻው በር ላይ አገኘሁት። «አከም ጅርቱ መምህር! ጠፉ እኮ!» አለኝ። «ተረፈች ከውስጥ ናት፣ ውሃ እያጠጣች ነው። እሑድን እንኳን እረፊ ስላት ብሎኬቱ እሑድ አያውቅም ትለኛለች።»

የውሃ ማጠጫ ጎማውን ጥላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችኝ። ክፍሏ በር ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽር የላትም፤ ክንዷን ዘርግታ ራቅ አድርጋ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ የምን ወረቀት ነው?»

«የማተሚያ ቤት ጣጣ ነው። ፈርሚልኝ ብቻ።»

«የነገርከኝ አንተ ነህ?»

የምትፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

«የቱን ነው የነገርከኝ? እስቲ አንዱን ንገረኝ፣ ልስማ።»

«ይሄ... ስም የሌለው ሰፈር ያልነው። ስለ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስናወራ።»

«ስናወራ? ኮዬ ፈጬ ሁለት ዓመት አሸዋ የተሸከምኩት እኔ ነኝ! ብሎክ ሠላሳ ስድስት አራተኛ ፎቅ ድረስ! ሰው ሲወድቅ ስሙን የሚያውቅ ጠፍቶ ‹የብሎክ አሥራ ሁለቷ ሴትዮ› ሲሏት የሰማሁት እኔ ነኝ። እግርህ እዚያ ረግጦ ያውቃል?»

አያውቅም።

«እስክሪፕቶ ስጠኝ» አለች።

ልትፈርም ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀይ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ልማድ ሆኖብኝ ከቀይ ሌላ አልይዝም። ጣቶቿ በሲሚንቶ ስለተሰነጣጠቁ ለመያዝ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጥግ እስከ ጥግ በኤክስ ሰረዘችው። ከታች 0/5 ጻፈች። እጄ ላይ መልሳ አስቀመጠችልኝ።

ወዲያው ጎረቤቷ መሰረት ጎራ አለች። አንተን ልከስ ፈለግኩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ንዴቱ ወደ አንተ እንዲዞር ፈለግኩ። «ልጅሽ በዩቲዩብ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አታውቅም ነበር። የቁልፍ ስልክ ነው ያላት። መሰረት በራሷ ስልክ ከፈተችላት። እናትህ አንድ ቪዲዮ አየች። ሁለት አየች። አራት አየች። በመጀመሪያ ፊቷ በራ፣ አንተን በማየቷ። ከዚያ እያዳመጠች ሄደች። በአራተኛው ላይ፦

«መሰረት፣ ስሜን የሚጠራው የትኛው ላይ ነው?» አለች።

መሰረት ፈለገች። እኔም መነጽሬን አድርጌ አብሬ ፈለግኩ። የለም። «ሰፈር ውስጥ እንደሚባለው» ትላለህ። «እናቶቻችን እንደሚሉት» ትላለህ። ተረፈች የምትል ቃል አንድ ቦታ የለችም።

ስልኩን መለሰችላት። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው የከፋው። «አንዱ ሰረዘው፣ አንዱ ወሰደው» አለች፣ ለመሰረት፣ ለእኔ አይደለም። ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥታ ክፍሏ ገብታ አስቀመጠችው። የምሳ ሰዓት ነበር። ጎመኑ ምድጃ ላይ ነው፣ ሽታው ይመጣል። እህቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብላ አላለችኝም። ጎማዋን አንስታ ወደ ብሎኬቱ ተመለሰች።

ተናድጄ ተሳፈርኩ። በማን እንደተናደድኩ አስኮ እስክደርስ አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ ግን አንተ ስትሰማው ደስ እንዲልህ ስለማልፈልግ አልጽፈውም። አንተም ንጹሕ ነኝ ብለህ አትቀመጥ። ሁለታችንም ያው ነን።

ከእንግዲህ የምጠይቅህ ነገር የለም።

ስምዖን


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንደምን አሉ ለማለትም አፈርኩ።

አርባ አንዱንም ቪዲዮ ከመጀመሪያው ጀምሬ አየኋቸው። ልክ ነዎት። በሃያ ሦስቱ «ሰፈር ውስጥ እንደሚባለው» ብያለሁ። ሰፈር አላለም። እሷ ናት ያለችው። ስሟን ብጠራ የብሎኬት ሠራተኛ ልጅ መሆኔን ሰው ያውቃል ብዬ ነው፤ ይሄን ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው። በእርስዎ ላይ ስጮህ የነበርኩት የራሴን ጥፋት ላለመስማት ነበር መሰለኝ።

ደወልኩላት። «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው። በማግስቱም ደወልኩ፣ በሣልስቱም። ቪዲዮዎቹን አጥፍቼ እንደገና በስሟ ልሥራቸው ወይ ብዬ በመሰረት በኩል መልእክት ላክሁ። እስካሁን መልስ የለም።

በእርስዎ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም። ብሎክ ያደረግኩትን ግን ከፍቼዋለሁ። ከእሷ የሰሙት ካለ ይጻፉልኝ።

አዶናይ


ሰበታ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስምዖንና ለልጄ ለአዶናይ፤

ሰላም ለሁለታችሁ። ደህና ነኝ። ይሄን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት፣ አንዱ ለቡራዩ፣ አንዱ ለሆላንድ፣ ቃሉ አንድ ነው። አንዳችሁ ለአንዳችሁ እንዳታነቡልኝ ብዬ ነው። ጽሑፌ አያምርም። ጣቴ እንደ ድሮው አይታጠፍም።

ሁለታችሁም ስለ እኔ በጣም ተጣልታችኋል አለችኝ መሰረት፣ አዶናይ ጽፎላት። ስድስት ወር ሙሉ! አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ወንድም ጋሼ ልቧ አይችልም ብለሃል አሉ። ልቤ በቀን አራት መቶ ብሎኬት ያገላበጠ ልብ ነው። አዶናይ ደግሞ አባቱ ለጠፋበት ልጅ የምትሟገት መስለህ ለእኔ ተሟገትክ፤ የራሴ አፍ እያለኝ።

ስለ ብሎኬት ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ዜሮ ስለማገኝ ትቼው ነው። ብሎኬት ከማሽን እንደወጣ ያምራል፣ ግን ከነኩት ይፈርሳል። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፣ ያኔ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ድንጋይ ያደረገው ማሽኑ አይደለም፣ ውሃ ያጠጣችው ሴት ናት። ቤት ሲያልቅ የሷን ስም ግድግዳ ላይ የጻፈ ሰው አላየሁም። እኔም ይጻፍልኝ ብዬ አላውቅም፣ ግድግዳ ነውና። መጽሐፍ ግን ግድግዳ አይደለም። መጽሐፍ ሽፋን አለው፣ ሽፋን ላይ የሰው ስም ይጻፋል። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ ወንድም ጋሼ። ሁለት ከአምስት ስትሰጠኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር፤ አንድ ቀን አምስት ካገኘሁ ስሜን ትጽፈዋለህ ብዬ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ኦቦ ቀጄላን አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ደብተሩን ይዤ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። መሰረት አብራኝ መጣች። ያቺ ሐኒ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። የግራውን ገጽ አየችው፣ ቀዩንም አየችው። ከዚያ «እማማ፣ ደራሲዋ ማን ናት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ለኅትመት እየተየበችው ነው። የግራውን ገጽ ብቻ።

አዶናይ፣ ቪዲዮውን አታጥፋው። እንደገና ሥራው፣ መጀመሪያ ላይ የእናቴ ነው በል፣ እናቴ ብሎኬት ነው የምትሠራው በል። ያፈርከው እስኪያልቅልህ ድረስ በለው። ከዚያ ደውልልኝ፣ አነሳዋለሁ።

ወንድም ጋሼ፣ የቀኙ ገጽ ልፋትህ ነው፣ አልካድኩም። ሆላንድ ላይ የተሳሳትከውን አስተካክለህ በንጹህ ወረቀት ገልብጠህ አምጣልኝ፣ ከወደድኩት ከኋላ ይገባል፣ በስምህ። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ና። ምሳ አለ። መጀመሪያ ግን አየዋለሁ።

ቀይ እስክሪፕቶ ገዝቻለሁ።

ተረፈች ላምቤቦ